ማዳመጣቸው ከንባባቸው ያንሳል? ስለ ቻይና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በአንድ የቻይና ክፍለ አገር ለሦስተኛ ዲግሪያቸው በሚሠሩት ጥናት፣ በእኛ 11ኛ ክፍል ከሚባለው ደረጃ ያሉ ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ የማዳመጥና የማንበብ ክሂል መለካት ይፈልጋሉ። በአንድ ያለፈ ዓመት የጋኦካኦ (የቻይና ብሔራዊ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ወረቀት የመጀመሪያ ሙከራ ሲያደርጉ ተማሪዎቹ በንባብ ጥሩ፣ በማዳመጥ ግን ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ስለዚህ «ንባባቸው ከማዳመጣቸው ይበልጣል ብዬ ልጻፍ? ወይስ ፈተናውን ወደ አይኤልቲኤስ (ዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ልለውጠው?» ብለው ጠይቀዋል።

እኔ በዚያው አገር በቋንቋ ምዘና ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ፣ ከዚያም በኋላ ከአንድ የመምህራን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፈተና በማዘጋጀትና በማረም ቆይቻለሁ። ያየሁትን መሠረት አድርጌ መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ገና አይጻፉ። የሁለቱ ክሂሎች ውጤት በአንድ ሚዛን ስላልተለካ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ አይቻልም። ወደ አይኤልቲኤስ መዞርም ይህን ችግር አይፈታውም።

ምክንያቱን ለማየት ወረቀቱን ከፈት አድርገን እንመልከት። በአብዛኛው አገሪቱ የሚሰጠው የጋኦካኦ እንግሊዝኛ ከ150 ይታረማል። ከዚህ ውስጥ ማዳመጥ 30 ነጥብ ሲይዝ፣ 20 ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 1.5 ነጥብ አላቸው፤ አማራጮቹም ሦስት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ምልልሶች አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ የቀሩት ረዘም ያሉ ምልልሶችና ንግግሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ንባብ ደግሞ 50 ነጥብ ነው፤ በአራት ምንባቦች ላይ 15 ባለ አራት አማራጭ ጥያቄዎች፣ ከዚያም ከሰባት ዓረፍተ ነገሮች አምስቱን መርጦ በክፍት ቦታ የማስገባት ሥራ፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ነጥብ። እንግዲህ ምንም ሳይሰማ በግምት ብቻ የሚያጠቁር ተማሪ ከማዳመጡ ሲሶውን፣ ማለትም 10 ነጥብ ያህል ሊያገኝ ሲችል፣ በአራቱ ምንባቦች ግን ሩቡን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ጥሬውን መቶኛ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የግምቱ መነሻ ራሱ የተለያየ ነው ማለት ነው። አንዱ ምንባብ እየተመላለሱ የሚታይ ሲሆን ሌላው የሚያልፍ ድምፅ መሆኑ፣ የምንባቦቹ ቃላትም ከምልልሶቹ ቃላት መክበዳቸው ሲጨመርበት፣ ልዩነቱ ከክሂሉ ይምጣ ከፈተናው አሠራር ለይቶ መናገር አይቻልም።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የማዳመጡ ክፍል ጥያቄዎችና አማራጮች በእንግሊዝኛ ታትመው በተማሪው ፊት ይቀመጣሉ፤ መመሪያው ብቻ ነው በቻይንኛ የሚጻፈው። ስለዚህ የማዳመጥ ውጤት የምንለው ነገር በውስጡ ፈጣን ንባብን ይዟል። ተማሪዎቹም ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ከጥያቄ 1 በፊት የሚነበበው ምሳሌ «ሸሚዙ ስንት ነው?» የሚለው ሲሆን፣ አማራጮቹ 19.15፣ 9.18 እና 9.15 ፓውንድ ናቸው፤ መልሱ 9.15 መሆኑን በአገሪቱ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ምሳሌው በሚነበብበት ሰዓት ክፍሉን ቢመለከቱ አንድም የሚያዳምጥ አያገኙም፤ ሁሉም የሚቀጥሉትን ጥያቄዎች አማራጮች እያሰመረ ይዘቱን አስቀድሞ ይገምታል። ጆሮ የያዘው ቃል እንዳለ የተጻፈበት አማራጭ ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው፣ በሌላ ቃል የተነገረውን ፈልጉ ተብለውም ሠልጥነዋል። ይህ ዘዴ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን በንባብ ፈጣን የሆነ ተማሪ ጆሮው ደካማ ቢሆን እንኳ በማዳመጥ ክፍል ነጥብ እንዲያገኝ ያደርገዋል።

ወደ አይኤልቲኤስ ስንመጣ የማዳመጥ ክፍሉ 40 ጥያቄ ሲኖረው ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ ብዙዎቹ መልሶች በጽሑፍ የሚሞሉ በመሆናቸው የፊደል ስህተትም ነጥብ ያስቀንሳል። የአካዳሚክ ንባቡ በሦስት ምንባቦች በድምሩ ከ2,150 እስከ 2,750 ቃላት ይደርሳል። በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት ለጋኦካኦ የሚቀርብ ተማሪ 3,000 ያህል ቃላት እንዲያውቅ ነው የሚጠበቀው፤ ያውም በ11ኛ ክፍል ገና እየተማራቸው ነው። አብዛኛው ተማሪ ከታች ተጨናንቆ የሚቀርበት ፈተና በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት አያሳይም። የካምብሪጅ ቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ) ፈተና ማዳመጡን ሁለት ጊዜ ስለሚያሰማና ደረጃውም ስለሚቀርብ ይሻላል፤ ሆኖም በትላልቅ ከተሞች ብዙ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ሳሉ ፔት እያሉ የሚጠሩትን ይህንኑ ፈተና ስለሚወስዱ ቁሱ ለአንዳንዱ አዲስ፣ ለሌላው የታወቀ ይሆናል። ያለፉ ዓመታት የጋኦካኦ ወረቀቶችም ከመልመጃ መጻሕፍት የማይጠፉ ስለሆኑ በእነሱ የሚለካው በከፊል ትውስታ ነው።

እኔ የምመክረው ጽሑፎቹን አለዋውጦ የመስጠት ስልት ነው። እርስ በርስ የሚቀራረቡ አራት አጫጭር ጽሑፎች ያዘጋጁና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይበሏቸው። ግማሹ ክፍል ሀ እና ለን ያዳምጣል፣ ሐ እና መን ያነባል፤ ሌላው ግማሽ ሀ እና ለን ያነባል፣ ሐ እና መን ያዳምጣል። ጥያቄዎቹ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአማራጭ ቁጥራቸውም እኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ይዘቱ፣ ቃላቱና የጥያቄው ክብደት ሳይለወጡ የመቀበያው መንገድ ብቻ ይለወጣል። ያን ጊዜ ማዳመጡ ዝቅ ካለ ዝቅ ያለው በጆሮ ስለመጣ ነው ብሎ ለመናገር ያስደፍራል።

ጥያቄዎቹን በቻይንኛ ቢጽፏቸው እመርጣለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንዳንድ የቻይና ባልደረቦቼ ጋር አልተስማማንም፤ እነሱ የፈተናው መልክ ከተለመደው ይርቃል ብለው ሲሰጉ፣ እኔ ደግሞ የጥናቱ ዓላማ ጋኦካኦን መለማመድ ሳይሆን መረዳትን መለካት ነው እላለሁ። በንባቡ በኩል ተማሪው ወደ ጽሑፉ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው የበለጠ አከራካሪ ነው። ጽሑፉ ከጥያቄው በፊት ከተሰበሰበ ከማዳመጡ ጋር ይመሳሰላል፣ ነገር ግን ንባብን ወደ ማስታወስ ይለውጠዋል። እኔ የምመርጠው መካከለኛ መንገድ በሁለቱም በኩል ማስታወሻ መያዝን መፍቀድ፣ ድምፁን ሁለት ጊዜ ማሰማትና ለንባቡ ድምፁ ሁለት ጊዜ የሚወስደውን ያህል ጊዜ መስጠት ነው።

ጽሑፎቹ ለጆሮ የተጻፉ ይሁኑ። የመጽሔት ጽሑፍ በድምፅ ቢነበብ ማዳመጥ አይሆንም፤ በንግግር ውስጥ የሚገኙት ድግግሞሽ፣ ማቋረጥና ማስተካከል ስለማይኖሩበት ለአድማጭ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ርዕሱም ተማሪዎቹ አስቀድመው የማያውቁት ቢሆን ደግ ነው። ስለ ፓንዳ ወይም ስለ ፈጣን ባቡር ብትጠይቋቸው ጽሑፉን ሳያዩ ይመልሳሉ። የእኛ አገር ጉዳይ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ስለ ጀበና ቡና ወይም ስለ ጥምቀት የሚናገር አጭር ጽሑፍ ለሁሉም እኩል እንግዳ ነው። ሆኖም እንግዳ የሆነ ስም በጆሮ ሲመጣ ተማሪው እሱን ሲያወጣና ሲያወርድ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋልና ላሊበላን የመሰሉ ስሞች በወረቀቱ ራስጌ ላይ ታትመው ይቅረቡ።

ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሌላ ክፍል ፈልገው፣ ድምፁንም ጽሑፉንም ሳይሰጡ ጥያቄዎቹንና አማራጮቹን ብቻ ያስመልሷቸው። ይህን ደረጃ ብዙ ተመራማሪዎች ሲዘሉት አያለሁ፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም የስታቲስቲክስ ቀመር ይልቅ ዓይን የሚከፍተው እሱ ነው። ባለ አራት አማራጭ 20 ጥያቄ ከሆነ በግምት የሚጠበቀው አማካይ 5 ነው። 9 ወይም 10 ከመጣ ጥያቄዎቹ ያለ ጽሑፍ ይመለሳሉ ማለት ነው፤ የቻይና ተማሪዎች ደግሞ በምርጫ ጥያቄ እጅግ የተካኑ ስለሆኑ ያልተመጣጠነ ርዝመት ያለውን አማራጭ፣ «ሁልጊዜ» የሚል ቃል ያለበትን፣ ከሌሎቹ ጋር የማይገጥመውን በአንድ እይታ ይለዩታል። እነዚህን ጥያቄዎች ይጣሉ ወይም ያድሱ። ከዚያ በኋላ ነው የክብደት መጠን፣ ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅም፣ የክሮንባህ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር) የሚባሉት ትርጉም የሚኖራቸው።

ልዩነቱ ከታየ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ከየት መጣ የሚለው ነው። ለዚህ አጭር ተጨማሪ ሥራ በቂ ነው። ከተሰማው ድምፅ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን አንድ በአንድ አሰምተው የሰሙትን እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ወረቀቱን ከሰበሰቡ በኋላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሰጥተው ወደ ቻይንኛ እንዲመልሱት ይጠይቁ። በጽሑፍ የተረዳውን በጆሮ ያልያዘ ተማሪ ችግሩ ድምፅን ከሚያውቀው ቃል ጋር ማገናኘት ላይ ነው፤ በተለይ ቃላት በፍጥነት ሲጣበቁና ሲዋጡ፣ ወይም ፊፍቲን እና ፊፍቲ ሲለዋወጡበት። በሁለቱም የወደቀ ተማሪ ግን የቃላት ወይም የሰዋስው እጥረት ያለበት ስለሆነ እሱን «በማዳመጥ ደካማ» ብሎ መፈረጅ ሐሰት ነው። እኔ በሠራሁባቸው ክፍሎች የመጀመሪያው ዓይነት ይበዛ ነበር፤ ቃሉን በዓይናቸው እንጂ በጆሯቸው አያውቁትም።

የእርስዎ ተማሪዎች ከየት ክፍለ አገር እንደሆኑ አልገለጹም፤ ይህ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ጓንግዶንግ ከ2011 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ የማዳመጥና የመናገር ፈተና አለው። ቤጂንግ ከ2021 ጀምሮ ማዳመጥንና መናገርን በአንድ ላይ 50 ነጥብ ሰጥቶ በዓመት ሁለት ዕድል ይፈቅዳል። በሌሎች አንዳንድ ክፍለ አገሮች ደግሞ የማዳመጥ ውጤት ለዓመታት ከጠቅላላው ድምር ሳይገባ ቆይቷል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ መምህሩ የማዳመጥ ክፍለ ጊዜውን ለሰዋስው ቢያውለው አያስገርምም። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማዳመጥ የሌለበት በመሆኑ ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ስለዚህ በጥናትዎ ውስጥ ክፍለ አገሩን፣ የፈተናውን ዓይነትና ተማሪው ከከተማ ወይም ከገጠር የመጣ መሆኑን ይመዝግቡ። እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል እንዲጀመር መንግሥት የወሰነው በ2001 ቢሆንም አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የድምፁ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ያበላሻል። በብሔራዊው ፈተና ማዳመጥ በሚሰማበት ሰዓት በአንዳንድ ከተሞች የግንባታ ሥራ ይቆማል፣ መኪና ጥሩምባ እንዳያሰማ ይከለከላል፣ የአውሮፕላን በረራ ሳይቀር ይስተካከላል። እርስዎ ይህ ሥልጣን የለዎትም፤ 50 ያህል ተማሪ ባለበት ክፍል በአንድ ድምፅ ማጉያ ቢያሰሙ ከኋላ የተቀመጠው የሚፈተነው በመቀመጫው ነው። የቋንቋ ላቦራቶሪ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ይጠይቁ፤ ካልተገኘ የመቀመጫ ረድፉን በመልስ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉና በውጤቱ ላይ ለውጥ ማምጣቱን ይመርምሩ። ድምፁን ራስዎ ባይቀዱት ይመረጣል፤ የእኛ አነጋገር ጉድለት ስላለበት ሳይሆን ለተማሪዎቹ አዲስ ስለሚሆንና የማይለካ ተጨማሪ ነገር ስለሚያስገባ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ለማቀራረብ ነጥብ መጨመር ወይም ማባዛት የሚል ምክር ከሰው ቢመጣልዎት አይቀበሉት። በ2018 ኖቬምበር በዜጂያንግ ክፍለ አገር በተሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና የአንዳንድ ክፍሎች ነጥብ ከፍ ተደርጎ በመሰጠቱ ከፍተኛ የሕዝብ ቁጣ ተነሥቶ፣ በዲሴምበር ማስተካከያው ተሽሮ ጥሬው ውጤት ተመልሷል። በአንድ የጥናት ወረቀት ላይ ያን ያህል ጩኸት አይነሣም፤ ነገር ግን ፈታኝዎ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሱት አይኖርዎትም።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው። የመጨረሻውን ዓመት ተማሪዎች አይንኩ፤ ዓመቱን በሙሉ ጁን 7 ለሚጀምረው ጋኦካኦ ከመዘጋጀት ውጪ ሌላ ነገር የላቸውም፣ ፈቃድም አይገኝም። ለ11ኛ ክፍሎች ግን ኦክቶበር ወይም ከፀደይ በዓል (ከቻይና አዲስ ዓመት) በኋላ ያሉት ሳምንታት ይመቻሉ። ርዕሰ መምህሩ ቢፈቅዱም የክፍሉን ሰዓት በእጁ የያዘው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስለሆነ አስቀድመው እሱን ያነጋግሩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 40 ወይም 45 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜዎችን ይጠይቁና ግማሹ ክፍል ማዳመጥን፣ ግማሹ ንባብን አስቀድሞ እንዲሠራ ያድርጉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ የማይሰጥዎት ከሆነ ከአራቱ ጽሑፎች ሁለቱን ይቀንሱ እንጂ ማዳመጡን ለአንድ ቀን፣ ንባቡን ለሌላ ሳምንት አያድርጉት፤ በመካከሉ ተማሪዎቹ ስለ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።