ምን እንደሸጡ ጠይቁ፦ ለወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በቅርቡ ተመርቃችሁ በጥናት ተቋም፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ ሥራ የጀመራችሁ ብዙዎች ኮቪድ አገራችን ሲገባ ገና ተማሪዎች ነበራችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ከቀረው 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ መካከል ነበራችሁ። እኔ ያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤት ለቤት እየዞርኩ የቤተሰብን ገቢና ወጪ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለአንድ የስልክ ጥናት አማካሪ ሆኜ ተጠርቼ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን ያየሁትንና የተሳሳትኩትን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

እኛ ሰፈር እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት አለች። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራት፤ በቀን 180 ያህል እንጀራ ታወጣለች። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ነበር፤ በያይነቱ የሚፈለግበት፣ ለእሷ ሥራ የሚበዛበት ወቅት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱ ደንበኞቿ በአንድ ቀን ደውለው "ነገ እንዳታመጪ" አሏት። ሊጥ ግን ቁም ቢሉት አይቆምም። ከተቦካ ሦስት ቀኑ ነው፣ አብሲቱ ገብቶበታል፣ ኩፍ ብሎ የባልዲውን ክዳን እየገፋ ነው። ማታ በራችንን አንኳኳችና "ጋሼ፣ ሊጥ የሚወስድ ሰው ታውቃለህ?" አለችኝ። ጤፉ ከወፍጮ ቤት በዱቤ የወጣ ነው። ግማሹን ለጎረቤት አደለችው፤ የቀረው ኮመጠጠና ተደፋ።

ከአንድ ወር በኋላ የስልክ ጥናቱ መጠይቅ ደረሰኝ። ለጠያቂዎቹ ከመላኩ በፊት ልሞክረው ብዬ ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ጠየቅኋት። "ባለፉት ሰባት ቀናት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሠርተሻል?" ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ የዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ ነው። "አዎ፣ ሠርቻለሁ" አለች። እውነቷን ነው፤ ለሰፈር ሰው በቀን 30 እንጀራ እየጋገረች ነበር። "ሥራ ላይ ያለች" በሚለው ሣጥን ምልክት አድርጌ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት የወፍጮ ቤቱን ዕዳ ለመክፈል አንዱን ምጣድ መሸጧን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው። ስላልጠየቅኋት አልነገረችኝም።

ይህን ስህተት የሠራሁት ሙያውን ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩላችሁ ነበር። ለሥራ አጥ የሚከፈል ድጎማ በሌለበት አገር ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ የሚችለው የሚያበላው ሰው ያለው ብቻ ነው። ሌላው ሎሚ አዙሮም ቢሆን፣ ልብስ አጥቦም ቢሆን "ሠርቻለሁ" ይላል። ስለዚህ ጉዳቱ በሥራ አጥነት ቁጥር ላይ ብዙ አይቆይም፤ የሚታየው በገቢው፣ በማዕዱና በዕቃው ላይ ነው። በዚያ ዓመት በስልክ የተሠሩ ጥናቶች ሰው ቶሎ ወደ ሥራ መመለሱን ሲያሳዩ ቁጥሩ አልዋሸም። ሴትዮዋም ተመልሳለች፤ በአንድ ምጣድ።

የስልክ ጥናት ደግሞ ስልክ የሌለውን አይደርስበትም። ያን ጊዜ ከከተማው ቤተሰብ አብዛኛው ስልክ ሲኖረው፣ ከገጠሩ ግን ያለው ከግማሽ ያንሳል። ውጤቱን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ቤተሰብ ሲቸገር ዝም ብሎ አይወድቅም፤ በተራ ነው የሚለቀው። መጀመሪያ ወተቱና እንቁላሉ ይቀራል፣ ቀጥሎ ዘይቱ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ እቁቡ። እቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየትኛውም ሪፖርት አላየሁትም። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል የእኛ ሰፈር እቁብ መሀል ላይ ነበር። ዕጣ የወጣላቸው ገንዘቡን በልተዋል፤ ያልወጣላቸው ግን ለወራት ከፍለው ተራቸውን እየጠበቁ ነው። መሰብሰቡ ሲቆም መክፈሉም ቆመ። ዳኛው በየቤቱ እየዞረ ለመነ፤ ከፊሉ ከፈለ፣ ከፊሉ "ከየት አምጥቼ?" አለ። አንድ ጉዳት በአንድ ማኅበር ውስጥ ያሉ እኩያ ሰዎችን በዕጣ ብቻ ለሁለት ከፈላቸው። ይህ ከባንክ መዝገብም ከስታትስቲክስም ውጭ የጠፋ ቁጠባ ነው።

ዘመዱ ውጭ አገር የሆነም ቤት የራሱ ተራ ነበረው። ከቤይሩት በየወሩ ገንዘብ ትልክ የነበረች ልጅ ያለችበት ቤተሰብ፣ ሰኔ ላይ አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደዋቸው የሄዱ እህቶችን በቴሌቪዥን ሲያይ የእሱ ልጅ መሀላቸው ትኖር እንደሆነ ፊት ይፈልግ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብም ያኔ እየወደቀ ስለነበር በሥራ ላይ የቀረችውም የምትልከው አነሰ።

አሁን ወደ ፖሊሲው ልምጣ። መንግሥት ሁሉን ነገር አልዘጋም፤ እንደ ደቡብ አፍሪካ ሕዝቡ ቤቱ ይቀመጥ አላለም። እኔ ያን ውሳኔ ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ፤ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ቤቱ ቢዘጋበት የሚበላው የለውም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፣ የቆየ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፣ አዋጁ ሠራተኛ ማባረርንና ተከራይ ማስወጣትን ከለከለ። ሁሉም ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ በአንድ ተመልከቱት፤ ብድር ያለው፣ የግብር ከፋይ መለያ ያለው፣ የሥራ ውል ያለው ነው የሚጠቀመው። እንጀራ ጋጋሪዋ ከሦስቱ አንዱም የላትም። እሷ ቤት የገባው የፖሊሲ ውጤት የታክሲው ነው፤ ታክሲ ግማሽ ሰው እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ያንን ለእንጀራዋ መጓጓዣ ከኪሷ ከፈለች።

በጎ ነገር ያየሁት ስም ዝርዝር ቀድሞ በነበረበት ቦታ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የአካባቢ ጽዳትና ልማት ሥራው ሲቆም የሦስት ወር ክፍያቸው በቅድሚያ ተሰጣቸው። ማን ችግረኛ ነው እየተባለ አልተፈለገም፤ ስማቸው ከዓመታት በፊት በየቀበሌው ተጣርቶ፣ የባንክ ደብተር ወጥቶላቸው ነበርና። ቶጎ በዚያው ሰሞን ሌላ መንገድ ያዘች። የመራጮች መዝገባቸው ላይ ሰው ሥራውንና መኖሪያውን አስመዝግቦ ነበርና፣ በዚያ ተመርኩዘው ለጎዳና ነጋዴውም ለልብስ ሰፊውም በስልክ ገንዘብ ላኩ፤ ለሴቶቹ ከወንዶቹ አስበልጠው።

እኛ ያኔ ቴሌብር አልነበረንም፤ የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው። የፋይዳ መታወቂያም አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣ ወረርሽኝ ቢኖር መሣሪያው በእጃችሁ ነው። የሚቀረው ስሙ ነው፤ የእንጀራ ጋጋሪዋ ስም ከነሥራዋ የት ተጽፏል? ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራው በደህናው ቀን ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ መዝጋቢውም ቤቱ ይቀመጣል።

አያቴ የኅዳር በሽታ በ1911 ሲገባ ልጅ ነበረች። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ኅዳር ሲታጠን ጭሱን እያየች የምታወራው ስለሞቱት ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግን አጫጅ ጠፍቶ አዝመራው ማሳ ላይ መርገፉን፣ አባቷም በሬ ሸጦ እህል መግዛቱን ነገረችኝ። በሬው ከተሸጠ በኋላ ስንት ዓመት በኪራይ በሬ እንዳረሱ አልጠየቅኋትም። ዛሬ ብጠይቃት ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉንም በኮቪድ አታሳቡ። ኑሮው ከዚያ በፊትም እየተወደደ ነበር፤ የበረሃ አንበጣውም ቀድሞ ገብቷል፤ ጥቅምት 2013 ደግሞ ጦርነት ተጀመረ። ምጣዱ የተሸጠው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ምጣድ መግዛት ያቃታት ግን ከዚያ በኋላ በመጣው ውድነት ነው። ቀኑን ለይታችሁ መዝግቡ።

በኋላ መጠይቁ ላይ ሦስት ጥያቄ አስጨመርኩ፦ ባለፉት ሦስት ወራት የሸጣችሁት ዕቃ አለ? ለሥራ የምትጠቀሙበት ነበር? መልሳችሁ ገዝታችሁታል? መጠይቁ ረዘመ ብለው ሲያጉረመርሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ለማጠቃለል ተስማማሁ፤ ሦስተኛውን ግን አልለቀቅኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋ ቤት ለቡና ሄጄ ነበር። ምግብ ቤቶቹ ተመልሰው ደውለውላታል፤ ሁለቱን እንቢ ብላ አንዱን ብቻ ይዛለች። ሁለተኛው ምጣድ የነበረበት ጥግ ላይ የውሃ በርሜል ተቀምጧል፣ ከግድግዳው ላይ ሶኬቱ እንዳለ ነው፤ አቧራ እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍናዋለች።