የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በመብራት ማማው አካባቢ የተሰወሩ ሣጥኖች

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሲያትልና ከአካባቢዋ የተላኩልን ሲሆኑ፣ ሁሉም ሌተርቦክሲንግ ስለሚባለው የሣጥን ፍለጋ፣ በተለይም በዲስከቨሪ ፓርክ ባለው የዌስት ፖይንት የመብራት ማማ አካባቢ ስለሚደረገው ፍለጋ ይጠይቃሉ። በመልሶቻችን ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኛው በግጥም መልክ የተጻፈ ፍንጭ ይዞ መጣ። ፍንጩን ተከትለን ወደ መብራት ማማው ብንሄድ ማኅተም ያለበት ሣጥን ተደብቆ እንደምናገኝ ነገረኝ። ሌላ ሰው የደበቀውን ዕቃ መክፈት ነውር ወይም ወንጀል እንዳይሆንብን ፈራሁ፤ ጫካውና የባሕሩ ዳርም ያሳስበኛል። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴም አብራን መሄድ ትፈልጋለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንዲት እናት፣ ከሲያትል

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሣጥኑ የተደበቀው ተፈልጎ እንዲገኝና እንዲከፈት ስለሆነ፣ መክፈቱ ነውርም ወንጀልም አይደለም። በጨዋታው ደንብ አንድ ሰው ውሃ በማያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ በእጅ የተቀረጸ ማኅተምና ደብተር አኑሮ በእግር መንገድ አቅራቢያ ይሰውረዋል፤ ቦታውንም በፍንጭ ያመለክታል። ፈላጊው በበኩሉ የራሱን ማኅተም፣ የራሱን ደብተርና ስታምፕ ፓድ (ማኅተሙ ቀለም የሚነካበትን ንጣፍ) ይዞ ይሄዳል። ሣጥኑን ሲያገኝ የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር ላይ፣ የሣጥኑን ማኅተም ደግሞ በራሱ ደብተር ላይ ያሳርፋል፤ ቀኑን ጽፎም ሁሉንም እንደነበረ ይመልሳል። ከሣጥኑ የሚወሰድ ዕቃ የለም፤ ፈላጊው ይዞ የሚመለሰው የማኅተሙን አሻራ ብቻ ነው።

ልማዱ የተጀመረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን፣ ዳርትሙር በተባለው ረግረግና ዐለት የበዛበት ደጋ ላይ ነው። በ1854 ጄምስ ፐሮት የተባለ የቻግፎርድ መንገድ መሪ፣ ለመድረስ እጅግ አድካሚ በነበረው፣ ክራንሚር ፑል በተባለው የዳርትሙር ስፍራ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ። እዚያ ድረስ የዘለቀ እንግዳ ስሙ የታተመበትን ካርድ በጠርሙሱ ውስጥ ትቶ ይመለስ ነበር። እያደር ጎብኚዎች አድራሻ የተጻፈባቸው ፖስታ ካርዶችን መተው ጀመሩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰውም ካርዱን ይዞ ወርዶ በፖስታ ቤት በኩል ይልከዋል። ሣጥኖቹ ‘የደብዳቤ ሣጥን’ የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጨዋታው ወደ አሜሪካ በስፋት የተሻገረው ግን በጣም ዘግይቶ፣ ስሚዝሶኒያን የተባለው መጽሔት በ1998 ስለ ዳርትሙር ፈላጊዎች አንድ ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጨዋታ ከጂኦካሺንግ ጋር ያምታታዋል። ጂኦካሺንግ የተወለደው በሜይ 2000፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ሰሞን ሲሆን፣ ፈላጊውን የሚመሩት የሳተላይት ቁጥሮች ናቸው። እዚህ ግን የሚመራው የተጻፈ ቃል ነው፤ ፈላጊው የዛፉን ዓይነት፣ የመንገዱን መታጠፊያና የድንጋዩን ቅርጽ ልብ ብሎ ማየት ይኖርበታል። በእኛ አስተያየት ለልጅ የሚበጀው ይኸኛው ነው። በአማርኛ እንቆቅልሽ ያደገ ሰውም አካሄዱን ለመልመድ አይቸገርም፤ ፍንጭ ጸሐፊው ‘እንቆቅልህ’ ያለ ያህል ነውና። ልዩነቱ መልሱ የጠፋበት ሰው ሀገር ሰጥቶ የሚገላገልበት መንገድ አለመኖሩ ነው፤ ሌላ ቀን ተመልሶ ይሞክራል። ስለዚህ ልጅዎ ፍንጩን ስንኝ በስንኝ ወደ አማርኛ እየመለሰ ለአያቱ እንዲነግራቸው ያድርጉ። ከሁላችሁም ቀድመው የሚፈቱት እሳቸው ቢሆኑ አይግረማችሁ።

የዌስት ፖይንት ማማ 7 ሜትር ገደማ ብቻ ቁመት ያለው ነጭ ሕንፃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው በኖቬምበር 15 ቀን 1881 ሲሆን፣ እስከ 1985 ድረስ ሰው እየጠበቀው ቆይቶ ከዚያ በኋላ በራሱ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ነጭና ቀይ ብርሃን እያፈራረቀ ያበራል። የቆመው ከአፋፉ በታች፣ ወደ ባሕሩ በገባው ዝቅተኛ አሸዋማ መሬት ጫፍ ላይ ስለሆነ ከአብዛኛው የጫካው መንገድ አይታይም። ፓርኩ በ1900 የተቋቋመው የፎርት ሎውተን የጦር ሰፈር የነበረ ሲሆን፣ ስፋቱ 534 ኤከር፣ ማለትም 216 ሄክታር ያህል ነው። ወደ ማማው መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሻው ግን ዳገት በመሆኑ ለእናትዎ ሊከብዳቸው ይችላል። ለአዛውንት፣ ሕፃናት ለያዙ ወላጆችና ለመራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች ከታች፣ ከባሕሩ ዳር አጠገብ መኪና ለማቆም የሚያስችል ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ፣ አስቀድመው የፓርኩን የጎብኚዎች ማዕከል ይጠይቁ።

ስለ ባሕሩ ያለዎት ሥጋት በቂ ምክንያት አለው። በሲያትል ባሕሩ በቀን ውስጥ እጅግ በሚሞላበትና እጅግ በሚጎድልበት ሰዓት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት በሰፊው አሸዋ ላይ የተራመደ ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ በውሃውና በአፋፉ መካከል ጠባብ ቦታ ብቻ ተርፎ ሊያገኝ ይችላል። ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ወራት ባሕሩ እጅግ የሚጎድለው በቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ሲሆን፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ግን በሌሊት ነው። የዕለቱን ሰዓት የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ከሚያወጣው ሠንጠረዥ ማየት ይቻላል። በባሕሩ ዳር የተከመሩት ትልልቅ ግንዶችም ለልጅ መወጣጫ አይደሉም፤ ውሃው ሲሞላ ተነሥተው ይንከባለላሉና። አፋፉን ደግሞ ጨርሶ አይጠጉት። የላይኛው ክፍሉ አሸዋ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው የፎርቱን ስም የወረሰ፣ ሎውተን ክሌይ የተባለ፣ ውሃ እንደልብ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ነው፤ የዝናቡ ውሃ አሸዋውን ዘልቆ ሸክላው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ስለሚፈስስ አፋፉ ይናዳል።

የጫካው ችግር ቀለል ያለ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በብዛት የሚበቅለው ሳማ ነው፤ እናትዎ ገና ከሩቅ ያውቁታል። ረጅም ሱሪና እጅጌው ረጅም ልብስ መልበስ፣ ጓንትም መያዝ ይበጃል። እጅን ወደማይታይ ቀዳዳ ከማስገባት በፊት በዱላ መነካካት ጥሩ ልማድ ነው። በደንቡ የተደበቀ ሣጥን ከመንገዱ የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ ፍንጩ ወደ ገደል ወይም በአጥር ወደተከለለ ስፍራ የሚወስዳችሁ ከመሰለ ፍንጩን ተሳስታችሁ አንብባችሁታል ማለት ነው።

ሣጥኑን ስታገኙ በመንገድ ላይ ቆማችሁ አትክፈቱት። ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ፣ የሚያልፍ ሰው እንዳያስተውል አድርጋችሁ አትሙ። ማኅተሙን ጠርጋችሁ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ፣ በዚፕ በሚዘጋው ፌስታል ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ መልሱት፤ ሣጥኑን የሸፈነውን ቅርፊትና ቅጠል ደግሞ ባገኛችሁት አኳኋን መልሳችሁ አልብሱት። ልጆች ሲያገኙ እንጂ ሲመልሱ አይጠነቀቁምና ይህን ክፍል እርስዎ ይቆጣጠሩት፤ ብዙ ሣጥን የሚጠፋው በሌባ ሳይሆን በግዴለሽ አመላለስ ነው።

ጥያቄ፦ ፍንጩ ከአንድ የታወቀ ድንጋይ ተነሥቼ ኮምፓስ በሚያሳየኝ አቅጣጫ የተወሰነ ‘ፔስ’ እንድሄድ ያዝዘኛል። በስልኬ ኮምፓስ ተመርቼ በትክክል ሄድሁ፤ ሣጥን ግን የለም። ተሰርቆ ይሆን?
አንድ አንባቢ፣ ከሬንተን

መልስ፦ ተሰርቋል ከማለትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመርምሩ። የመጀመሪያው የኮምፓሱ ሰሜን ነው። በሲያትል አካባቢ የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው ሰሜን ከካርታው እውነተኛ ሰሜን ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። አብዛኞቹ ፍንጭ ጸሐፊዎች በእጅ ኮምፓስ ስለሚጠቀሙ የመርፌውን ንባብ ይጽፋሉ፤ ስልክዎ ግን እውነተኛውን ሰሜን እንዲያሳይ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ 100 ሜትር ሲራመዱ ከትክክለኛው ቦታ 26 ሜትር ገደማ ርቀው ይቆማሉ፤ በፈርንና በሳማ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ይህ ርቀት ሣጥኑን ጨርሶ ለማጣት ይበቃል። የስልኩን ማስተካከያ ይመልከቱ፤ ወይም ርካሽ የሆነች የእጅ ኮምፓስ ይግዙ።

ሁለተኛው እርምጃው ነው። ‘ፔስ’ ለአንዳንዱ ጸሐፊ አንድ እርምጃ ሲሆን፣ ለሌላው ግን ግራ እግር ተነሥቶ ግራ እግር እስኪያርፍ ያለው፣ ማለትም ሁለት እርምጃ ነው። የጸሐፊው ቁመትም ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ በሁለቱም ቆጠራ ይሞክሩ፤ በየመጨረሻው ቦታም ሰው ሣጥን ሊሸሽግበት የሚችል የወደቀ ግንድ ወይም የሥር ዋሻ ካለ ይመልከቱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘ ለባለቤቱ በትሕትና ያሳውቁ፤ ድንጋይ እየፈነቀሉና ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን (ሙስ) እየገፈፉ ግን አይፈልጉ።

ጥያቄ፦ እኛ እዚህ ሲያትል የተወለድን የማኅበረሰባችን ወጣቶች ነን። ፍንጩ በአማርኛ፣ ማኅተሙም በፊደላችን የሆነ የራሳችንን ሣጥን በማማው አቅራቢያ ለመደበቅ አስበናል። እንዴት እንጀምር?
ወጣቶች፣ ከሲያትል

መልስ፦ ሐሳባችሁ በጣም ደስ አሰኝቶናል፤ ስለዚህም በዝርዝር እንመልሳለን። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። መሬቱ የሕዝብ መናፈሻ ስለሆነ የፓርኩን አስተዳደር ሳታነጋግሩ ምንም ዕቃ አታስቀምጡ። ከማማው አጠገብ የከተማዋን ፍሳሽ የሚያጣራ ትልቅ ተቋም መኖሩንም አትዘንጉ፤ በእንዲህ ያለ ተቋም አጥር ሥር ወይም በራሱ በማማው ላይ የተገኘ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ፖሊስ ሊያስጠራ ይችላል። ሣጥኑ ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ ክዳኑም ላይ የፍለጋ ጨዋታ መሆኑ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይጻፍበት። አፈር ቆፍሮ መቅበር፣ ዛፍ መብሳት፣ የወፍ ጎጆ አጠገብ መደበቅና ከባሕሩ ሙላት በታች ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ምግብ ወይም ሽታ ያለው ነገርም አታስገቡ፤ የዱር እንስሳት ሣጥኑን ያኝኩታል።

ማኅተሙን ከትልቅ ላጲስ ወይም ለቀረጻ ከተዘጋጀ ለስላሳ ጎማ መሥራት ይቻላል። ፊደል ስትቀርጹ ዋናው ጣጣ ግራና ቀኙ መገልበጡ ነው። እንደ ‘ሀ’ እና ‘ሠ’ ያሉት ግራ ቀኛቸው ስለሚመሳሰል አይጎዱም፤ እንደ ‘ረ’ እና ‘ነ’ ያሉት ግን በቀጥታ ከተቀረጹ ተገልብጠው ይታተማሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ደመቅ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን በፊቱ ጎማው ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን በጥፍር ፈግፍጉት። እርሳሱ ተገልብጦ ጎማው ላይ ያርፋል፤ እናንተም ከፊደሉ ውጪ ያለውን ብቻ ትጠርባላችሁ። በፊደሉ ላይ የሚቀጠሉት ምልክቶች ቀጫጭን ስለሆኑ ከአራት ፊደል ያልበለጠ ቃል ምረጡ፤ ፊደሉም ቢያንስ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን። ምላጩ ምንጊዜም ጎማውን ከያዘው እጅ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሂድ። ለደብተሩ ወፈር ያለ ወረቀት ምረጡ፤ ስስ ወረቀት ቀለሙን ወደ ጀርባው ያሳልፋል።

ፍንጩን ስትጽፉ ‘ከትልቁ ዛፍ ሥር’ ከማለት ተቆጠቡ፤ በዚያ ጫካ ትልቅ ያልሆነውን ዛፍ መፈለግ ይቀላል። በምትኩ ‘ቁልቁለቱ አብቅቶ ባሕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርንጫፎች መሐል ከሚታይበት መታጠፊያ ላይ ቁም፤ ቅርፊቷ ቀልቶ የሚላጠውን ዛፍ ፈልግ’ ብትሉ፣ ማድሮና የተባለችውን የአካባቢውን ዛፍ የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል፤ የማያውቅም ያውቃታል። ግጥም ከሆነ ቤት ለመምታት ሲባል አቅጣጫ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ። ፍንጩ በአማርኛ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁም ሙሉ መብታችሁ ነው፤ ይሁንና የእንግሊዝኛውን ቅጂ ብትጨምሩ ማኅተማችሁ ፊደላችንን ፈጽሞ አይቶ በማያውቅ ሰው ደብተር ላይም ያርፋል፤ እኛ ይህን እንመርጣለን።

የሣጥን ባለቤት መሆን የጥገና ኃላፊነትም ያመጣል። ዝናብ በሚበዛባቸው ወራት ደብተሩ ይረጥባል፤ ስለዚህ ከመካከላችሁ አንድ ሰው በየጊዜው ሄዶ እንዲያየውና የሞላውን ደብተር እንዲተካ መድቡ። ሣጥኑን ለሕዝብ ከማሳወቃችሁ በፊትም ፍንጩን ፓርኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡትና አንዳችሁ ምንም ሳትናገሩ ከኋላው ተከተሉት። የቆመበትንና ያመነታበትን ቦታ ጻፉ፤ መታረም ያለባቸው የፍንጩ መስመሮች እነዚያ ናቸው።