የኮሌስትሮል መድኃኒትና የቆሽት ሕመም

እህቴ፣ የእናትሽ የሆድ ሕመም ከኮሌስትሮል መድኃኒታቸው ከአቶርቫስታቲኑ ይሆን ወይ ላልሽው፣ መድኃኒቱ ቆሽትን አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙ አያጋጥምም። ቆሽት ድንገት የሚቆጣው በብዛት በሐሞት ጠጠርና በአልኮል ነው። ታላቅ ወንድሜን አራት ኪሎ ቤታችን ሌሊት የቆሽት ሕመሙ ሲነሳበት ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባው ዘልቆ ይወጋው ነበር፣ መተኛት አቅቶት ትራስ አቅፎ ጎንበስ እንዳለ ነጋ፣ እኛ ደግሞ ጨጓራ መስሎን ተልባ ስናጠጣው እሱንም አስመለሰው። ጠዋት የቆሽትን መቆጣት የሚያሳየው ሊፓዝ የሚባለው የደም ምርመራ ከመደበኛው ከ3 እጥፍ በላይ ሆነ። አልትራሳውንዱ ጠጠር አላሳየም፣ መጠጥ አይቀምስም፤ ሐኪሙ እሱም ይወስደው የነበረውን ስታቲን፣ ማለትም እንደ አቶርቫስታቲን ያለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ አስቆመው። እናትሽን እንዲህ ካመማቸው ነገ አትበይ! ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ የመድኃኒቱንም ካርቶን ያዢ። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ግን ለልባቸው የታዘዘ ስለሆነ ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አታስቁሚያቸው።