«ሉዓላዊነት» ሲባል የማን ብላችሁ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ «የማዕከላዊ መንግሥትና የግዛቶች የሥልጣን ክርክር» እያልኩ አስጽፍ ነበር። ራሴም የተማርኩት እንደዚያ ነበርና ሳልመረምር አስተላለፍኩት። ተማሪዎቼን በድያለሁ፤ ይህን የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

ኋላ ላይ ባርነት የሚፈቀድባት የደቡብ ግዛት ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ከአሜሪካ ስትገነጠል ያወጣችውን መግለጫ አግኝቼ አነበብኩ። ለመገንጠሏ የምትጠቅሰው ሉዓላዊ ግዛት መሆኗን ነው። በደሏን መዘርዘር ስትጀምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሰሜን ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ ተከልለው ያመለጡ ባሮችን አልመልስ አሉኝ ብላ ትከሳለች። ኒውዮርክንም፣ ጌታ ባሪያውን ይዞ በምድሯ እንዳያልፍ ፍርድ ቤቶቿ ከለከሉ ብላ ትወቅሳለች። ኒውዮርክስ ግዛት አይደለችምን? የእርሷ ሉዓላዊነት የት ገባ? በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ቀንበር ሥር ነበር። በእኔ የማስተማሪያ ደብተር ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የደረሳቸው አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ ማጠቃለያ አንብባችሁ አትርኩ፤ ሰነዱን ራሱን ፈልጉ። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣም እዩ። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ሄይቲን በ1804 ነጻ አገር ያደረጓት ከባርነት የተነሡ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይ ግን በ1825 የጦር መርከቦች ልካ፣ ነጻነታችሁን የምቀበለው ለቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ስትከፍሉ ነው አለች። ዕዳው በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ ለጌቶች የከፈሉት ባሪያ የነበሩት ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ያኔ በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው የኩባ ነገር ነው። ኦክቶበር 10 ቀን 1868 ካርሎስ ማኑኤል ዴ ሴስፔዴስ የተባለ የስኳር እርሻ ባለቤት ባሮቹን ሰብስቦ ነጻ ናችሁ አላቸው፤ ከእርሱ ጋር ተሰልፈው ስፔንን እንዲወጉም ጠየቃቸው። ጦርነቱ አሥር ዓመት ፈጀ። በ1878 በዛንሆን ውል ሲፈረም ስፔን ነጻ ናቸው ብላ የተቀበለቻቸው ባሮች ከዐማፅያኑ ጎን የተሰለፉትን ነበር። ለጌታው ታዝዞ አገዳ ሲቆርጥ የከረመው ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለበትም፤ በደሴቲቱ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1886 ነው። ውሉ አጭር ነው፤ ፈልጋችሁ ራሳችሁ አንብቡት።