በሬው ከሞተ ሁለት በጋ አለፈ፤ ፀሐዩ አልገደለውም?

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ከፍ ብሎ ግጦሽ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት በሬዬ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ሞቶ አገኘነው፤ ካፍንጫው ጥቁር ደም ይወርድ ነበር። አባ ሰንጋ ነው አሉንና እዚያው ግጦሹ ውስጥ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ቦታውን ሁለት በጋ ፀሐይ ሲቀጠቅጠው ከርሟል። ልጄም የፀሐይ ጨረር ጀርም ይገድላል ትላለች። ከብቶቹን ልመልስ ወይስ አርሼ ሽንብራ ልዝራበት? (ከባሕር ዳር ዙሪያ)

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ ጋሼ። ልጅዎ አልተሳሳተችም፣ ግን ፀሐይ የሚገድለው ያገኘውን ብቻ ነው።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ደም ውስጥ እያለ ደካማ ነው። ሬሳው ካልተከፈተ አብዛኛው አብሮ በስብሶ ያልቃል። ጉዱ ደሙ አየር ሲነካው ነው፤ ያኔ ስፖር ይሆናል። ዘር ይበሉት። ውሃውን ያስወጣል፣ ውስጡን በካልሲየም ያጭቃል፣ ዘረ መሉን በትናንሽ ፕሮቲኖች ይጠቀልላል፣ በላዩ ድርብርብ ቅርፊት ይደርባል። እርጥብ እህል ጎተራ ቢገባ ይሻግታል፣ ደረቁ ግን ይከርማል አይደል? እንደዚያ ነው። ሲነቃ ደግሞ ጨረር የጎዳውን ዘረ መል ጠግኖ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ምን ያህል እንደሚችል የታየው ሕዋ ላይ ነው (እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም)። ናሳ በፈረንጆቹ 1984 በላከው አንድ ሳተላይት ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባል ባክቴሪያ ስፖር ተጭኖ ነበር፤ ይሄ የአባ ሰንጋው ዘመድ ነው፣ አፈርና ድርቆሽ ውስጥ ይኖራል፣ ከብት አይነካም። የተመለሰው በ1990 ነው፣ ስድስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። አየር በሌለበት፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት ቦታ ከርሞ፣ ከፀሐይ አልትራቫዮሌት (ጀርም ገዳዩ ጨረር ይሄ ነው) ከተከለለውና ከስኳር ጋር ከተቀመጠው እስከ 80 በመቶው በሕይወት ተገኘ። አልትራቫዮሌቱ ፊት ለፊት ያገኘው ግን በሴኮንዶች ነው የሚረግፈው። ተደራርቦ ከተቀመጠ ደግሞ የላይኛው ይሞትና ሬሳው ለታችኛው ጥላ ይሆናል።

እርስዎ ጋ ያለው ጥላ አፈሩ ነው። አልትራቫዮሌት አንድ ሚሊሜትር አፈር እንኳ በወጉ አያልፍም። ሁለት በጋ ቀርቶ ሃያም ቢሆን አይተማመኑበት። እንግሊዞች በ1942 አባ ሰንጋን ለጦር መሣሪያ የሞከሩባት ግሪናርድ የምትባል የስኮትላንድ ደሴት ደህና ነች የተባለችው በ1990 ነው፣ ያውም መሬቷ ፎርማሊን በሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ከታጠበ በኋላ።

ሐይቅ ዳር ደግሞ ይብሳል። ግንቦት ላይ ሣሩ አጭር ስለሆነ ከብቱ ሥሩን ከነአፈሩ ነቅሎ ይውጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተቀበረውን ያወጣል፣ ወደ ረባዳው ይወስደዋል። ማረሻም ያው ነው፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ ይገለብጣል።

ስለዚህ ቦታውን ሰፋ አድርገው በድንጋይና በእሾህ አጥረው ይዝጉት። ሣሩንም አጭደው ለከብት አይስጡ። ከብቶቹን በየዓመቱ፣ በሽታው ከሚነሳበት ወቅት ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብለው ያስከትቡ። ክትባቱ ራሱ በሽታ የማያመጣ ሕያው ስፖር ነው፤ በዚያው ሰሞን ፔኒሲሊን የተወጋ ከብት ክትባቱ ከንቱ ይሆንበታል፣ ለሚከትበው ሰው ይንገሩት።

ሌላ ከብት እንዲሁ ድንገት ከሞተ ቢላ እንዳይነካው። ቆዳው ያሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ሥጋውም ለቅርጫ ይታሰባል። ይተዉት። የእንስሳት ጤና ባለሙያው እስኪደርስ ውሻና አሞራ ይከላከሉ። ደግሞ ያኔ በሬውን ከቀበራችሁት ሰዎች መሐል እጁ ላይ የማያም፣ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ወጥቶበት የነበረ አለ? ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ቶሎ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል።