ማሳውን አይተኸዋል?

ከጎንደር የጻፈልን ወጣት አውቶሞቲቭ ተምሮ ዘንድሮ ጨርሷል። አንድ ጋራዥ ለሙከራ ጠራውና ሚኒባስ ሰጠው። የግራ ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ይርገበገባል። ሁለት አምፖልና አንድ ፊውዝ ቀየረ፤ ወይ ፍንክች። «እንደውልልሃለን» ተባለ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ሙያውን ልተወው ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትተወው። ስልኩን ግን አትጠብቅ።

እኔ ሽቦ ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ ጥያቄህን ይዤ አዘዞ ወደሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን ሄድኩ። ነግሬው ሳልጨርስ ሳቀ። «ማሳውን አይቶታል?» አለኝ። ማሳ የሚሉት የእርሻውን አይደለም፤ ኤሌትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መገናኛ ነው። የኋላ መብራቱ ማሳ ሲዝግ ወይም ሲላላ ኤሌትሪኩ መመለሻ ያጣል። ያኔ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ይሾልካል። ፍሬቻ ስታበራ ሌላው የሚርገበገበው ለዚህ ነው። ፊውዙማ ቢቃጠል ኖሮ ጭራሽ አይበራም ነበር።

ከዚያ ደጁ የቆመች መኪና ላይ አሳየኝ። መብራቱን አበራ። የማልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌትሪክ መለኪያውን፣ ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሰረ። ባትሪው ፊት፣ መብራቱ ኋላ ስለሆነ ገመዱ አልደረሰም፤ በረጅም ሽቦ ቀጠለው። ቀዩን አምፖሉ ማሳ የሚይዝበት ብረት ላይ አስነካ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር መምጣት ነበረበት። 3.4 አለ። ከባትሪው 12 ቮልት ይህን ያህሉ ዝገቱ ላይ ቀረ ማለት ነው። የማሳውን ቡሎን ፈታ፣ ፈቅፍቆ አጸዳ፣ መልሶ አጠበቀ። መብራቱ ቦግ አለ። ለዕቃ አምስት ሳንቲም አልወጣም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለ ጋራዥ የሚፈራው ዕቃ እየቀያየረ የሚገምት ልጅ ነው፤ ደንበኛው ሒሳቡን የሚጠይቀው ባለ ጋራዡን ነዋ! በሚቀጥለው ሙከራ ከመንካትህ በፊት ተናገር። «መጀመሪያ እዚህ እለካለሁ፤ ቮልት ካለ ችግሩ ከዚህ ወዲያ ነው» በል። ብልሽቱን ባታገኘው እንኳ አካሄድህን ያዩልሃል። ደግሞ 10 አምፔር ፊውዝ ሲቃጠልብህ በ20 እንዳትተካ! ሽቦው ሊቃጠል ይችላል፤ ፈታኙ ካየህም እዚያው አበቃ።

ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ካልተፈተንክ ተፈተን። የራስህን ማልቲሜትር ግዛ፤ ርካሹም ይበቃል። ሥራው አይጠፋም። ክረምት በወጣ ቁጥር ውኃ የገባበት ሶኬት ሁሉ ይዝጋል፤ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ብትተዋወቅ በጥቂት ቀን እጅህ ይፍታታል። በሊማሊሞ በኩል የሚወርድ የጭነት ሾፌርም መብራቱ ሳይሠራ መንገድ አይጀምርም።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ወደዚያው ጋራዥ ሂድ። በስልክ አይሆንም፤ በአካል። ቱታህን ልበስ። ሰላም በልና «ጋሼ፣ የዚያ ሚኒባስ ችግር ማሳው ነበር እንዴ?» ብለህ ጠይቅ።