አሸዋ ላይ ምንጣፍ አትዘርጉ፦ ስለ ሐረርና ድሬ ተራሮች ጥያቄና መልስ

ያደግኩት ሐረር፣ ሀኪም ተራራ ሥር ነው። ሰው ይዤ እነዚህን ተራሮች በእግር መዞር ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸውና በየአገራቸው ስም ጽፌያቸዋለሁ።

የከዚራው፦ ጋሼ፣ ጋራ ሙለታ ለመውጣት የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር። ዝናቡ ያባራል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል። ግን የድሬ ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጋራ ሙለታ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ድሬ ላብ ሲያጠምቃችሁ እዚያ ላይ ከ12 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። አንዴ አንድ ልጅ በቲሸርት ብቻ መጣ። ጋቢዬን ሰጠሁትና እኔ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። መነሻችሁ ግራዋ ከተማ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ከተማ አምልጠው ከተያዙ በኋላ የታሰሩት በዚያው አገር ነው። ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው፣ አትቸኩሉ።

የሸንኮሯ፦ ጅብ አያስፈራም?

መልስ፦ ጅብ የማታ ነው፤ እኛ የምንሄደው በቀን ነው።

የሳቢያኗ፦ እኛ ሩቅ አንሄድም። ልጆች ይዘን ከድሬ ወጣ ብለን፣ ደረቁ ወንዝ አሸዋው ላይ ጥላ ፈልገን ብንቀመጥስ? ሰማዩ የጠራበት ቀን መርጠን።

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ድሬ ላይ ሰማይ መጥራቱ ምንም አይነግርሽም። ውሃው የሚመጣው ከድሬ ሰማይ አይደለም። ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉም ተመናምኗል። የዘነበው አፈር ውስጥ ሳይሰርግ ወደ ደረቆቹ ወንዞች፣ ወደ ደቻቱ፣ ወደ ጎሮ፣ ወደ ቡቱጂ ይወርዳል። ታች ያለው ሰው ጠብታ ሳይነካው ጎርፍ ይደርስበታል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ሚያዝያ ስድስት ሰው ይዤ ነበር። ከፍ ያለው ዳር ላይ አረፍን እንጂ አሸዋው ላይ አልወረድንም። ከእኛ ፈንጠር ብሎ ግን አንድ ቤተሰብ አሸዋው ላይ ምንጣፍ ዘርግቷል። ፔርሙዙ ተከፍቷል፣ ሳምቡሳው በሰሃን ተደርድሯል፣ ትንሿ ልጅ በጆግ አሸዋ እየሞላች ትገለብጣለች። በላያችን ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ወደ ደንገጎ ስዞር ግን ጫፉ የለም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። ተነሱ ብዬ መጮህ ስጀምር ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከላይ በኦሮምኛ «ሎላ! ሎላ!» አለ። ጎርፍ ማለቱ ነው። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፣ ብዙ አይሱዙ አንድ ላይ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ቀጥሎ ቡናማ ምላስ ታየ። ከፊቱ ጭራሮ፣ በጠጥና ፕላስቲክ እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ። ልጅቷን አባቷ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ወጣ። ምንጣፉ፣ ፔርሙዙ፣ ጆጉ፣ ሁሉም ሄደ። ከጩኸቱ እስከዚያ ድረስ የነበረው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም።

የ1998ቱን ሐምሌ ድሬ ያለ ሰው አይረሳውም። ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። አሸዋ ላይ አትቀመጡ። መኪናም አታቁሙ። ጥላ ከፈለጋችሁ ከፍ ያለው ዳር ላይ ፈልጉ፤ ዓይናችሁ ደንገጎ ላይ ይሁን።

የነምበር ዋኑ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የጉርሱሙ፦ ሁሉም ስለ ጋራ ሙለታ ያወራል። ከሐረርጌ ተራራ ትልቁ ግን ቁንዱዶ ነው።

የግራዋው፦ ኧረ አቦ! ቁንዱዶ ከጋራ ሙለታ ትከሻ አይደርስም።

የጉርሱሙ፦ ፈረስ አለው ያንተ ተራራ?

የግራዋው፦ ወሬው ስለ ቁመት ነው፣ ፈረስ ምን አመጣው?

የአራተኛው፦ ሁለታችሁም ተዉት፤ ሀኪም ላይ ወጥቶ በግንብ የታጠረውን ጁገልን በሙሉ ቁልቁል እንደማየት ያለ የለም።

መልስ፦ በቁመት ጋራ ሙለታ ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ቁንዱዶ ግን ጫፉ ሜዳ ነው፣ እንደ አምባ። ከፈንያን ቢራ ከተማ ተነስቶ ይወጣል። ሰው ያልገራቸው ፈረሶች የሚታወቁት በእሱ ነው። ሆኖም ፈረስ አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ፤ እኔ ራሴ ወጥቼ ጭራቸውን ሳላይ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ሀኪም ላይ የአው ሀኪም መቃብር አለ። ሰው የሚሳለምበት ቦታ ነውና ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

የለገሃሬው፦ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ገብተን ማየት ይቻላል? ስሙስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የጥንት ሰው መንጋጋ የተገኘበት ነው። ፈቃድ አስቀድማችሁ ከድሬ ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጥንት ሥዕል አትንኩ፣ ውሃም አትርጩበት። ሌላው ባለ ሥዕል ዋሻ፣ ለገ ኦዳም እንደዚያው።

የጁገሏ፦ ለመንገድ ምን እንያዝ? የድሬ ውሃ ይሻላል የሐረር?

የሳቢያኗ፦ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ነጭ ያደርጋል እንጂ ለጤና ምንም አይልም።

የጁገሏ፦ እኔ አንድ ሳምንት ጠጥቼው ሆዴን አሞኛል።

መልስ፦ የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ነጩ እሱ ነው። የለመዳችሁትን ያዙ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ ከዚያ በታች አልቀበልም። ለውዝ፣ ቴምር፣ ትንሽ ጨው። መንገድ ላይ ሆጃ ከሰጧችሁ ጠጡ፤ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ ነው፣ ደካማ ጉልበት ያነሳል።

የመጋላው፦ ጫትስ?

መልስ፦ ወርዳችሁ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ። ጫት ረሃብን ይደብቃል። እግር ሲከዳ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ ተሸካሚው እኔ ነኝ።

የገንደ ቆሬው፦ ባቢሌ ዝሆን በእግር ሄደን ማየት አማረን።

መልስ፦ ያለ መጠለያው ጠባቂ አትሞክሩት። የተራራ መንገድ እንጂ የዝሆን መንገድ አላስተምርም። ከባቢሌ አልፎ ያሉትን ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተሸከሙ ዓለቶች ግን እዩ፤ በጠዋት።

የታይዋኑ፦ ጋሼ፣ ስለ ተራራ ጉዞ በአጠቃላይ ቢነግሩን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «በአጠቃላይ» ምን እንድል ነው? የትኛው ተራራ፣ በየትኛው ወር፣ ከማን ጋር? ለይተህ ጠይቀኝ።

የአዲስ ከተማዋ፦ ደንገጎ ስንወርድ አንድ ድልድይ ሥር ጥሩ ጥላ አይተናል። አሸዋውም ንጹሕ ነው፣ ምሳ እዚያ ብንበላስ?

መልስ፦ ከላይ አላነበብሽም? ሰው ጥላና አሸዋ ሲያይ ልቡ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ እኔም ያደግኩት አሸዋ ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ነው። ግን ድልድዩ እዚያ የተሠራው ውሃ ስለሚያልፍ ነው። አሸዋውም ንጹሕ የሆነው ውሃ ስላጠበው ነው። ልጆቹን ይዘሽ ዳሩ ላይ ውጪ፣ ግራር አለ።

የአራተኛው፦ የእሁዱ ሀኪም ጉዞ አልተሰረዘም አይደል?

መልስ፦ አልተሰረዘም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቡዳ በር። ሦስት ሊትሩን ያልያዘ አይነሳም።